ለማያልቅ ዕቃ ወረፋ

ጌም ገዝቶ ገንዘቡን የተበላ ሰው ሲያማርር ቀድሞ የሚደርሰው መልስ «ሳታጣራ ለምን ገዛህ?» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ሻጩ ማጣሪያውን ራሱ በዘጋበት ቦታ ሲነገር ግን ያናድደኛል።

ሳይበርፐንክ 2077ን እንውሰድ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ጌሙን ለዓመታት ሲያስተዋውቅ ቆየ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ተዋናዩን ኪያኑ ሪቭስን መድረክ ላይ አውጥቶ አዳራሹን አስጮኸ። ሽያጩ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ተጀመረ። ጥንቁቅ ገዢ ከዚያ በፊት ምን ያደርጋል? ግምገማ ያነባል። ያነበበውም ምስጋና ነበር። ለገምጋሚዎቹ አስቀድሞ የተላከላቸው ግን የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነው፤ ራሳቸው የቀረጹትን ማሳየትም አልተፈቀደላቸውም። ሕዝቡ ያየው ኩባንያው መርጦ የሰጣቸውን ምስል ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው እውነቱን ያገኘው ከፍሎ ከከፈተው በኋላ ነበር፦ ፊቱ የደበዘዘ መንገደኛ፣ ከባዶ አስፋልት ላይ ድንገት የሚበቅል መኪና፣ ደጋግሞ የሚቋረጥ ጨዋታ። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ሳምንት አልፎ ሳይርቅ ጌሙን ከዲጂታል መደብሩ አውጥቶ ገንዘብ መመለስ ያዘ፤ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ይህን ገዢ «ለምን አላጣራህም?» ማለት ነውር ነው። ሰውየው አጣርቷል።

በስልክ ጌሞች በኩል ደግሞ ድፍረቱ ይብሳል። ፒን እየነቀሉ ሰውዬውን ከአደጋ የሚያድኑበት ማስታወቂያ ያላየ ስልክ ያዥ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ተስቦ ሆምስኬፕስን ያወረደ ሰው ያገኘው በአብዛኛው ተመሳሳይ ቅርጾችን ሦስት ሦስት እያዛመዱ ማጥፋት ነው። ከሥር «ሁሉም ምስል የጌሙ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢኖርም የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በ2020 ማስታወቂያዎቹን አሳሳች ናቸው ብሎ አግዷቸዋል። ደግ አደረገ።

እንዲህም ሆኖ ገዢውን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም። ሳይበርፐንክ ገና ሳይወጣ 8 ሚሊዮን ቅጂ በቅድሚያ ተሸጦ ነበር። ዱሮ ሱቁ የሚያስገባው ካርቶን የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ ያላስያዘ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር፤ ቅድሚያ መክፈል ያኔ ምክንያት ነበረው። ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ግን እንዴት ሆኖ ያልቃል? ለቀደመ የሚሰጠው ጉርሻ ብዙውን ጊዜ ጌሙ ውስጥ የሚለበስ ጃኬት ነው። ሁለት ቀን የታገሠ ሰው የሌላው ተጫዋች ማሽን ላይ የሆነውን ሁሉ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያያል። ከእኛ መካከል ዲስኩን ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጣማ ከማንም በላይ መታገሥ አለበት፤ ደረሰኝ ይዞ የሚመለስበት ሱቅ ቅርቡ የለም።

ስቲም ከተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር የሚገዛ ሰው ይሻላል። በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከጠየቀ ገንዘቡ ይመለስለታል። ስቲም ሰዓቱን የሚቆጥረው ጌሙ ከተከፈተ ጀምሮ ስለሆነ፣ ለገጸ ባሕሪው ጢም ሲመርጥ አንዱን ሰዓት የሚጨርስ ሰው ግን በቀረው መፍጠን አለበት።