ያልነበረው ባለሙያ

እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝ አገር «ዚ አውትዋርድ ኧርጅ» የተሰኘ የሳይንስ ልቦለድ ታትሞ ወጣ። በሽፋኑ ላይ የሁለት ደራስያን ስም ሰፍሯል፤ ጆን ዊንድሃምና ሉካስ ፓርክስ። የመጀመሪያው በጊዜው ስመ ጥር ደራሲ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ሕዋ ጉዞ የሚያስፈልገውን የቴክኒክ ዕውቀት ያዋጣ ባለሙያ ሆኖ ለአንባቢ ቀረበ። እንዲህ የሚባል ባለሙያ ግን ከቶ አልነበረም። ሉካስ ፓርክስ ራሱ ዊንድሃም ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲው ለእንዲህ ያለው ብልሃት ስም አላጠረውም። በ1903 ሲወለድ የወጣለት ሙሉ ስም ጆን ዊንድሃም ፓርክስ ሉካስ ቤይነን ሃሪስ ነው። በራሳችንና በአባታችን ስም ለምንጠራው ለእኛ ይህ እንደ ሙሉ ጎተራ ነው፤ እሱም ከዚሁ ጎተራ እየዘገነ ኖሯል። በ1931 የመጀመሪያውን የሳይንስ ልቦለድ ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት የሸጠው ጆን ቤይነን ሃሪስ ተብሎ ነው። በ1935 እና በ1936 የወጡት ረጃጅም ልቦለዶቹ የጆን ቤይነን ሆኑ። ዊንድሃም ፓርክስና ጆንሰን ሃሪስ የሚሉትም የብዕር ስሞቹ ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመጀመሪያ በሳንሱር ሠራተኛነት፣ ቀጥሎም በጦሩ የመገናኛ ክፍል አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1951፣ «ዘ ዴይ ኦቭ ዘ ትሪፊድስ» በጆን ዊንድሃም ስም ወጣ። በሰማይ የታየውን እንግዳ ብርሃን የተመለከተ ሁሉ በማግሥቱ ዕውር ሆኖ ይነቃል፤ ለዘይታቸው ሲባል የሚለሙ፣ የሚራመዱና የሚናደፉ ዕፅዋትም በሰው ላይ ይሠለጥናሉ። ዊንድሃም ሃያ ዓመት ያህል ጽፎ ዝና ያገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው። ስሙ ብቻ አልተለወጠም፤ አጻጻፉም ከማርስ በረራ ወርዶ ወደ ለንደን ጎዳና ገብቷል። ስለዚህ ደራሲ በሌላ ስም መጻፉን አንነቅፍም። አዲስ ስም አዲስ ሥራ ለመጀመር የሚረዳ ከሆነ መልካም ነው።

የሚከነክነን ሉካስ ፓርክስ ነው። መጽሐፉ ከቀድሞዎቹ ይልቅ በቴክኒክ ጉዳይ የበዛ ስለሆነ አንባቢ እንዲያምነው የባለሙያ ስም አስፈለገ ማለት፣ አንባቢው ከስሌቱ አስቀድሞ ፊርማውን እንደሚመለከት በሚገባ ታውቆ ነበር ማለት ነው። እኛም በክፍል ውስጥ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን ስንጠይቅ «ፕሮፌሰር እገሌ እንዲህ ስላሉ» የሚል መልስ ስንሰማ ኖረናል። ይህ መልስ ከሉካስ ፓርክስ በምን ይሻላል?

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ የብዕር ስም እናስተያይ። ዊልያም ጎሴት በደብሊን ከተማ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው ጥናት እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና፣ በ1908 ከጥቂት ናሙናዎች ስለሚገኝ አማካይ ያዘጋጀውን ጽሑፍ «ተማሪ» በሚል ስም አወጣው። ዛሬ በስታቲስቲክስ ትምህርት የምንገለገልበት የቲ ሥርጭት መነሻው ይኸው ጽሑፍ ነው። ከ«ተማሪ» የበለጠ ትሑት ስም የለም፤ ሥራው ግን የማንንም ዋስትና ሳይሻ እየተመረመረ ቆሟል።

ዊንድሃምም ቢሆን ፓርክስ አላስፈለገውም። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት በ1957 ከመምጠቋ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ«ትሪፊድስ» ውስጥ፣ ያ ዕውር ያደረገ ብርሃን ምድርን ከሚዞሩ የጦር መሣሪያዎች የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። በ1953 በወጣው «ዘ ክራከን ዌክስ» ደግሞ ከባሕር ወለል የሰፈሩ ፍጥረታት የዋልታዎቹን በረዶ አቅልጠው ከተሞችን በውኃ ያጥለቀልቃሉ። ይህን ያነበበ ተማሪ «ይሆናል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ለመልሱም አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃዋል። ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የውኃው ከፍታ አይጨምርም፤ በረዶው ሲንሳፈፍ ቦታ ያስለቀቀው ውኃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ስለሆነ፣ ቀልጦ የሚሞላው ያንኑ ቦታ ነውና። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ የብስ ላይ የተከመረው በረዶ ግን ቀልጦ ባሕር ሲገባ ከፍታውን ይጨምራል። ይህን ለማረጋገጥ የደራሲውን የምስክር ወረቀት ማየት አያስፈልግም።

«ባለሙያው» የታከለበት መጽሐፍ በበኩሉ የሕዋ ጣቢያ ግንባታን በ1994 አስቀምጦታል። ሶቪየት ኅብረት ሳልዩት 1 የተባለችውን ጣቢያ ያመጠቀችው በ1971 ነው። ልቦለድ ትንቢት አይደለምና በዚህ አንፈርድበትም፤ ግን የፓርክስ ስም ለቀኑ ትክክለኛነት አልጠቀመም።

ዊንድሃም በመጋቢት 1969 አረፈ፤ ሰው ጨረቃን የረገጠው ከአራት ወር በኋላ ነበር። በ1970ዎቹ የጆን ቤይነን መጻሕፍት ዊንድሃም የሚለው ስም በሽፋናቸው ላይ እየታከለ እንደገና ታተሙ። ታሪኩ ያው የ1930ዎቹ ታሪክ ነበር፤ ገዢው ግን በዛ።