«አፍኗት ነው፤ ይቆረጥ!»

ከመርሳ ተነስታ በሲሪንቃ በኩል ወደ ወልድያ ስትወጣ የደከመች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ጋራዥ ስትደርስ ፍርዱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፦ «ካታሊቲኩ አፍኗት ነው፤ ይቆረጥ!» ወልድያ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ይህን ድካም በመጋዝ ቆርጦ መጣል አይቻልም።

እርግጥ ነው፣ የጭሱን ጎጂ ጋዝ የሚያነጻው ካታሊቲክ ይደፈናል። ግን ማን ደፈነው? ካንዴላው ሳይለኩስ ሲቀር ያልነደደው ቤንዚን እዚያ ደርሶ ይነዳል፤ የማር እንጀራ የመሰለው ሴራሚክም ይቀልጣል። ዘይት የሚበላ ሞተር በአመድ ይለብጠዋል። ማደያው ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዛው ቤንዚን ላምባ ካለበት ደግሞ የሞተሩ አነዳደድ ይዛባል። የተደፈነ ካታሊቲክ የሞተሩን በሽታ የሚመሰክር ዕቃ ነው፤ እኛ ምስክሩን አስወግደን በሽታውን ይዘን እንሄዳለን። በነገራችን ላይ፣ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። «ጣሉት» የተባለው አሮጌ ዕቃ ማን እጅ እንደሚገባ ባለመኪናው ቢጠይቅ አይከፋም።

ሌላው የሚያስገርመኝ ኤታኖልን ብቻውን የንጹሕ አየር መድኃኒት አድርጎ ማየት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ አደገ። የነዳጅ ወጪን ለመቀነስ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ኤታኖል ካርቦን ሞኖክሳይድን ቢቀንስም አሴታልዲሃይድ የተባለውን ጎጂ ጋዝ ይጨምራል። ያንን የሚያቃጥለው ይኸው የምንቆርጠው ካታሊቲክ ነው!

ሞተር ነካክተው ጉልበት የሚፈልጉ ወጣቶች ኤታኖልን የሚወዱት ኦክቴኑ ከፍ ስለሚል ነው፤ አልተሳሳቱም። ሆኖም 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ 1 ኪሎ ኤታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ብዙ ነዳጅ መርጨት ግድ ነው። ኢንጀክተሩንና የኮምፒውተሩን ልክ ሳይቀይሩ በግምት የጨመሩበት እንደሆነ ሞተሩ ነዳጅ ያንሰዋል፣ መለኮስ ያቅተዋል፣ ካታሊቲኩም ይቀልጣል። (አረቄ አይሞከርም፤ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው።)

በምትክ የሚገዛው ርካሽ ካታሊቲክስ? ብዙውን ጊዜ ውድ ማዕድኑ ስስ ነው፤ ቶሎ ይደክማል። ያም ቢሆን ከባዶ ቧንቧ ይሻላል፤ የሚሻለው ግን ሞተሩ ከተጠገነ ብቻ ነው። ካታሊቲኩ መኖሩን ለማወቅ ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብን መኪና ከሥሩ አጎንብሶ ማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መካኒኩም መጋዙን ከማንሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን ፈትቶ ለባለመኪናው ያሳይ።