የኮርሊዮኔ ቤትና የተመልካቹ ፍርድ

ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ከማሪዮ ፑዞ ልብ ወለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሕዝብ ያቀረበው «ጎድፋዘር» የተባለው ፊልም፣ ከወጣ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ስሙ በተነሣበት ጉባኤ ሁሉ ዛሬም ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ ማከራከሩን አልተወም። አንደኛው ወገን ፊልሙን እንደ መጽሐፈ ጥበብ ቈጥሮ፣ ሽማግሌው ዶን ቪቶ ኮርሊዮኔ የተናገረውን ሁሉ እንደ አባቶች ምክር በቃሉ እየደጋገመ፣ ቤተ ሰብን ማክበር፣ ምሥጢርን መሰወር፣ ቍጣን ውጦ ጊዜን መጠበቅ ምን እንደ ሆነ የተማርሁት ከዚህ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነፍሰ ገዳዮችን በጥሩ ልብስና በጥሩ ዜማ አስጊጦ ለወጣቶች ዓይን ያቀረበ፣ ወንበዴነትን ያስከበረ ሥራ ነው ሲል ይኰንነዋል። እኔ ሁለቱንም ወገኖች ብዙ ጊዜ ካዳመጥሁ፣ ፊልሙንም ደጋግሜ ከተመለከትሁ በኋላ የደረስሁበት አሳብ፣ አድናቂዎቹ ከታሪኩ ግማሹን ብቻ ይዘው እንደ ሄዱ፣ ከሳሾቹም ባልሠራው በደል እንደ ወነጀሉት፣ ነገር ግን ከሁለቱ ወገን ብዙዎች አንሥተው የማይናገሩት ሌላ እውነተኛ ጕድለት እንዳለበት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከዚህ ፊልም በፊት የነበረውን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሲኒማ በ1931 «ሊትል ሲዛር»ንና «ዘ ፐብሊክ ኤነሚ»ን፣ በ1932 ደግሞ «ስካርፌስ»ን ባወጣ ጊዜ፣ ወንበዴው እንደ ልቡ ከፈነጨ በኋላ ታሪኩ በሞቱ ይዘጋ ነበር፤ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብም የተመልካች ርኅራኄ ከሕግ ርቆ ወደ ወንጀለኛው እንዳያደላ ሲያዝዝ ቈየ። ይህ ደንብ በ1968 ቀርቶ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ መመደብ ሲተካው፣ የፊልም ሠሪዎች ፍርዳቸውን በወንጀለኛው ሬሳ ከማሳየት ግዴታ ነጻ ወጡ። በኮፖላ ፊልም መጨረሻ የዶን ቪቶ ልጅ ማይክል ኮርሊዮኔ አይሞትም፣ አይታሰርም፣ በሰው ፊት አይዋረድም፤ ይልቁንም እጁ ይሳማል። ፍርዱ የተተወው ለተመልካቹ ኅሊና ስለ ሆነ፣ ሃምሳ ዓመት ያላባራው ክርክርም የተወለደው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ትዕይንት ተመልካቹን እንዴት እንደሚማርከው ማስተዋል ይገባል። ከጨለማ ውስጥ የአንድ ሰው ፊት ብቻ ይታያል፤ ይህ ሰው ቦናሴራ የሚባል፣ ሬሳ ገንዞ በማስቀበር የሚተዳደር ስደተኛ ሲሆን፣ ሁለት ጎረምሶች ልጁን ደብድበው ፊቷን እንዳበላሹባት፣ ዳኛውም ከፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱን በገደብ አድርጎ በዚያው ዕለት በነጻ እንዳሰናበታቸው ይናገራል። ካሜራው እጅግ በዝግታ ወደ ኋላ እየሸሸ ሄዶ አቤቱታውን የሚሰማውን ሰው ትከሻና እጅ ያሳየናል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከራስ በላይ ስላደረገው፣ ዶን ቪቶን ሆኖ የሠራው የማርሎን ብራንዶ ዓይኖች በጥላ ተሸፍነው፣ የሚያስበውን ከፊቱ ለማንበብ ያስቸግራል። በየትም አገር ቢሆን ደጅ ሲጠና የኖረ፣ መዝገቡ በቀጠሮ ብዛት የተንከራተተበት፣ እውነት ይዞ የተረታ ሰው ይህን አቤቱታ ሲሰማ ልቡ ወደ ዶን ቪቶ ቢያዘነብል አልፈርድበትም። ብዙ ተመልካቾች ግን እዚህ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ቦናሴራ ገንዘብ እከፍላለሁ ሲል ዶን ቪቶ ገንዘቡን ንቆ ወዳጅነቱን የሚጠይቀው ከደግነት የተነሣ አይደለም፤ ገንዘብ ተከፍሎ ያልቃል፣ የእጅ መንሻው ውለታ የሆነ ዕዳ ግን ባለ ዕዳውን እስከ ዕለተ ሞቱ አይለቀውም። ሕግ የነሣውን ፍትሕ ከወንበዴ እጅ የተቀበለው ይህ ምስኪን ከዚያ ዕለት ጀምሮ የዶኑ ገባር ነው፤ ዕዳው በተጠየቀበት ሌሊትም ሬሳ መገነዣው ቤት ቆሞ፣ የዶኑ ታላቅ ልጅ ሳኒ በጥይት ከተቦዳደሰ በኋላ እናቱ እንዲህ ሆኖ እንዳታየው አሳምሮ እንዲገንዘው ይታዘዛል።

አድናቂዎቹ ለዶን ቪቶ ጽድቅ ሁልጊዜ የሚያቀርቡት ምስክር፣ ሶሎዞ የተባለው ነጋዴ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ እንሥራ ብሎ በጠየቀው ጊዜ እምቢ ማለቱን ነው። እኔም ይህን ትዕይንት በጥንቃቄ እንዲያዩት እለምናለሁ፤ ዶኑ ራሱ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይናገራልና። ሰው በምን እንደሚተዳደር እርሱን እንደማይገደው፣ ነገር ግን ቁማርን እንደ ቀላል ነውር አይተው ዝም የሚሉ ባለ ሥልጣኖች ወዳጆቹ ዕፅ መሸጡን ቢያውቁ እንደሚሸሹት ይገልጻል። ይህ የነጋዴ ሒሳብ እንጂ የምግባር ቃል አይደለም። ከዚያም በኋላ የወንበዴ ቤተ ሰቦቹ አለቆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው በመከሩ ጊዜ፣ ሰላም ወርዶ፣ ሰው ገድሎ የተሰደደው ልጁ ማይክል በደኅና እንዲመለስለት ሲል፣ የዕፁ ንግድ በወዳጆቹ ጥላ ሥር እንዲካሄድ ተስማምቶ ይወጣል። እምቢታውን እንደ ጥቅስ የሚያነሡት ሰዎች ይህን ስምምነት ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

ማይክልን በተመለከተ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፊልሙ የእርሱን ነፍስ መጥፋት ከዳር እስከ ዳር በዝርዝር ስለሚያሳየን፣ ከእርሱ ጋር አብረን እንድንጓዝ ያደርገናል። በእኅቱ ሠርግ ቀን የጦር ሠራዊት ልብስ ለብሶ የመጣ፣ ወዳጁ ኬይ ስለ አባቱ ሥራ ብትጠይቀው ቤተ ሰቤ እንዲህ ነው፣ እኔ ግን አይደለሁም ብሎ የመለሰ ወጣት ነው። አባቱ በጥይት ከተመታ በኋላ ሌሊት ወደ ሆስፒታል ሄዶ አልጋው ያለ ጠባቂ እንደ ቀረ ባየ ጊዜ፣ አበባ ይዞ ሊጠይቅ ከመጣው ከዳቦ ጋጋሪው ከኤንዞ ጋር በበሩ ላይ ቆመው፣ መሣሪያ የያዙ መስለው ገዳዮቹን ያባርራሉ። የገዳዮቹ መኪና ሄደ፤ ኤንዞ ሲጋራ አውጥቶ ሊለኵስ ቢሞክር እጁ ስለ ተንቀጠቀጠ አልሆነለትም፤ ማይክል መለኰሻውን ተቀብሎ ለኰሰለት፤ ከዚያም የገዛ እጁን አየ፤ አልተንቀጠቀጠም። ማይክልን ሆኖ የሠራው አል ፓቺኖ በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል አይናገርም፣ እጁን አይቶ መለስ ይላል እንጂ። በእኔ ግምት ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ይህ ቅጽበት ነው። የማይክል አድናቂዎች ይህን እንደ ጀግንነት ምስክር ይጠቅሱታል። እኔ ግን የኤንዞ መንቀጥቀጥ የጤናማ ሰው፣ የማይክል አለመንቀጥቀጥም የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት ሆኖ ይታየኛል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሶሎዞንና የፖሊሱን መኰንን ማክላስኪን ፊት ለፊት በሽጉጥ የገደላቸው በዚያው እጅ ነውና።

ፊልሙ ወንበዴን አከበረ ለሚሉት ከሳሾች መልስ የሚሆነው የጥምቀቱ ሥርዓት ነው። ማይክል የእኅቱን የኮኒን ሕፃን ክርስትና ያነሣል፤ ካህኑ ሰይጣንን፣ ሥራውን ሁሉና ትዕቢቱን ይክድ እንደ ሆነ አከታትሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ለእያንዳንዱ ጥያቄ እክዳለሁ ብሎ ይመልሳል፤ በየመልሱ መካከልም እርሱ ያዘዛቸው ገዳዮች አንዱን በሚሽከረከር የመስተዋት በር ውስጥ፣ አንዱን በመታሻ አልጋ ላይ፣ ተቀናቃኙን ባርዚኒን ደግሞ በፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ሲጥሏቸው እናያለን። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የክርስትና አባት ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ሲክድ፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ ሃይማኖቱን ሲመሰክር እያየ ያደገ የሀገራችን ተመልካች፣ ይህ ክህደት በሐሰት መነገሩ ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ከዚህ የባሰው ግን በኋላ ይመጣል። የሕፃኑ አባት ካርሎ ሳኒን ለጠላት አሳልፎ የሰጠ ነበር፤ ማይክል በዚያው ዕለት ከፊቱ ተቀምጦ፣ እኅቴን መበለት የማደርግ፣ ልጅህን ክርስትና ያነሣሁ እኔ ነኝን ብሎ አረጋግቶ ቃሉን ካወጣጣው በኋላ፣ መኪና ውስጥ አስገብቶ ያሳንቀዋል። ሚስቱን ይደበድብ የነበረው ካርሎ ሲሞት ብዙ ተመልካች ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ኮፖላ ያን ደስታ ወዲያው ይነጥቀዋል፤ ኮኒ እየጮኸች ገብታ ባሏን ማን እንደ ገደለው ለወንድሟ ፊት ለፊት ስትነግረው፣ ተመልካቹ ደስ ያለው በማን ዕንባ ላይ እንደ ነበረ ለማወቅ ይገደዳል። ኬይ እውነት ነውን ብላ ስትጠይቀው ማይክል ዓይኗን እያየ አይደለም ይላል። ይህን ሁሉ ያሳየ ሥራ ወንበዴን አመሰገነ ማለት ለእኔ የማይዋጥ ነገር ነው።

እንግዲህ እውነተኛው ጕድለት የትኛው ነው ቢባል፣ የኮርሊዮኔ ቤት ሀብት ከማን ኪስ እንደ ወጣ ፊልሙ አለማሳየቱ ነው። ወደ ሦስት ሰዓት በሚጠጋ ታሪክ ውስጥ በቁማር የተራቆተ ቤት፣ ጥበቃ በሚል ስም በየወሩ የሚዘረፍ ባለ ሱቅ፣ ደመወዙ በወንበዴ በተያዘ የሠራተኛ ማኅበር የሚበላበት ወዛደር አናይም። የሚሞቱት አብዛኞቹ ራሳቸው ገዳዮች ናቸው፤ ስለዚህ የደሙ ዋጋ በወንበዴዎች መካከል ብቻ የሚከፈል መስሎ ይታያል። ፊልሙ ሲሠራ በኒው ዮርክ ይንቀሳቀስ የነበረው የጆ ኮሎምቦ የኢጣሊያውያን አሜሪካውያን የመብት ማኅበር ተቃውሞ አንሥቶ ስለ ነበረ፣ አዘጋጁ አልበርት ራዲ «ማፊያ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ እንዲወጣ ተስማማ፤ ኮሎምቦ ራሱ ግን የእንዲህ ያለ ወንጀለኛ ቤተ ሰብ አለቃ ነበር። የቃሉ መውጣት ለታሪኩ ብዙ ጕዳት አላመጣም፤ የተጐዱት ሰዎች አለመኖር ግን ጐድቶታል። ሳሚ ግራቫኖ የተባለው የታወቀ የኒው ዮርክ ወንበዴ ፊልሙን ባየ ጊዜ እጅግ እንደ ተመሰጠበት በኋላ መናገሩም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ከሥራው የሚያሳፍረውን ክፍል በመጋረጃው ላይ አላገኘውም፣ ያገኘው ሥልጣኑንና ክብሩን ብቻ ነው። በ1973 የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ኦስካር የሰጡት ዳኞችም ለኪነ ጥበቡ የሚገባውን ክብር ሰጡ፤ እኔም በዚህ አልቃወማቸውም፤ ነገር ግን ወጣት ይዞ ይህን ፊልም የሚያሳይ ወላጅ ወይም መምህር ያልታዩትን ሰዎች በቃሉ ሊነግረው ይገባል እላለሁ።

በ1974 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የአድናቂዎቹን ዋነኛ ምሽግ የሚያፈርስ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ስለ ማይክል ጥበብ መናገር ትክክል አይመስለኝም። እዚያ ባለቤቱ ኬይ ትለየዋለች፤ ልጆቿን ልትጠይቅ መጥታ ስትሰናበት ባገኛትም ጊዜ በሩን ፊቷ ላይ ይዘጋዋል። ታላቅ ወንድሙ ፍሬዶ ከጠላት ጋር ተነጋግሮ አሳልፎ ሰጥቶታል፤ ማይክል ግን እናታቸው በሕይወት እስካለች ድረስ እንዳይነካ ያዝዛል፤ እናት ሞታ በሬሳዋ አጠገብ ወንድሙን ካቀፈው በኋላ፣ ዓሣ ሊያጠምድ በታንኳ ሐይቅ ላይ እንደ ወጣ በጥይት ያስገድለዋል፤ እርሱም በመስኮት ቆሞ ያያል። ፍሬዶ ደካማ፣ ገራገር፣ ሁሉም የሚንቀው ሰው ነበረ፤ በዚያን ጊዜም ማንንም ለመጕዳት የሚያስችል ኃይል በእጁ አልነበረም። ማይክል ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ ነው የሚል ተመልካች ከዚህም በኋላ ካለ፣ ፍሬዶን የገደለው ለየትኛው ቤተ ሰብ ብሎ እንደ ሆነ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ።