ብዕሩ ተሻገረ፣ ስሙ ቀረ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ደብተሯን አቅፋ ቤቴ መጣች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የቤት ሥራው ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል «የደራሲው ስም»፣ በሌላው በኩል «የልብ ወለዱ ርዕስ» ይላል። ከቀድሞ ዘመን ደራስያን አምስት ወንድ፣ አምስት ሴት ሞልታችሁ አምጡ ተብለዋል። የወንዶቹን ጨርሳዋለች፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ መኮንን እንዳልካቸው፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ሐዲስ ዓለማየሁ። በሴቶቹ በኩል ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች በቀይ እስክርቢቶ ተጽፈዋል፤ ከቁጥሮቹ ፊት ግን ባዶ ነው።

«አክስቴ፣ ድሮ ሴቶች አይጽፉም ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ተያይዘን ወጣን። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አስፋልት ዳር ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ልጅ አለ። የቀድሞ ሴት ደራሲ መጽሐፍ እንዳለው ጠየቅሁት። ልጁ ታታሪ ነው፤ ክምሩን ከላይ እስከ ታች አገላበጠው። በመጨረሻ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አወጣና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ «እትዬ፣ የሴት ያለኝ ይኼ ብቻ ነው» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እሱ የሚዘረጋው እኛ ያሳተምነውንና እኛ የጠየቅነውን ነው።

ያን ቀን ማታ ለልጅቷ የነገርኳትን ዛሬ ለእናንተም ልናገር። ሴቶቻችን ጽፈዋል። የጻፉትም ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች ታትሟል። ብዕራቸው ሲሻገር ግን ስማቸው ከኋላ ቀረ።

ከቅርባችን ልጀምር። ማለዳ ከሐዋሳ መናኸሪያ የተሳፈረ ሰው ለምሳ ሆሳዕና ይደርሳል። የጥንቱ ሐዲያ ግዛት ከዛሬው ዞን ይሰፋ ነበር፤ ንግሥት እሌኒ የተወለዱት ከዚያ ምድር ገዥ፣ ከሐዲያው ገራድ ቤት ነው። በእስልምና ያደጉት እኒህ ሴት በጋብቻ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ በጎጃም መርጡለ ማርያምን አሠሩ፤ ከአንድ በላይ ነገሥታት ሲያልፉም የአገር መካሪ ሆነው ቆዩ። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 በልጅነቱ ሲነግሥ አገሪቱን በሞግዚትነት ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው።

በዓመቱ፣ በ1509፣ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ጥንቁቅ ነው። በየብስ ሠራዊትና ስንቅ ለማቅረብ ቃል ይገባል፤ በባሕር በኩል ግን መርከብ እንደሌለን ሳይደብቅ ያስረዳል። የሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆች በጋብቻ እንዲተሳሰሩ ሐሳብ ያቀርባል። ከደብዳቤው ጋር ከግማደ መስቀሉ የተሠራ መስቀል ተላከ። ይዞት የሄደው ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ በሕንድ በኩል ሲያልፍ ሰላይ ነህ ተብሎ ተንገላታ፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። የፖርቱጋል ልዑካን ምጽዋ ሲወርዱ ደግሞ 1520 ሆኗል። አንድ ደብዳቤ ተልኮ መልስ እስኪመጣ 11 ዓመት!

ወረቀቱ ግን በዚያ አላበቃም። ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር በ1532 አንትወርፕ ላይ በላቲን አሳተመው። በዓመቱ የ«ዩቶፒያ» ደራሲ የቶማስ ሞር ልጅ ጆን ሞር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከሐዲያ የተወለደች ሴት ቃል በእንግሊዝ አገር በኅትመት ሲነበብ እኛ ገና ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር አላየንም ነበር።

በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ግን የእሌኒ ስም የለም። ርዕሱ የሚለው «የሕንዶች ታላቅ ንጉሠ ነገሥት ፕሬስተር ጆን» ነው። ፕሬስተር ጆን አውሮፓውያን በምናባቸው የፈጠሩት ካህን ንጉሥ ነው፤ እንዲህ የሚባል ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። በሕይወት የነበረች፣ አስባ የጻፈች ሴት ቃል ባልኖረ ወንድ ስም ታተመ። ንግሥቲቱ መንፈሳዊ መጻሕፍት እንደ ደረሱም የዘመኑ ፖርቱጋላውያን መዝግበዋል፤ ይህን ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ስንሰማ አላደግንም።

ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። ኦሮሞ ናት፤ ነፃ ተወልዳ በሊሙ እናሪያ ንጉሥ ዘመን ለባርነት የተዳረገች። እ.ኤ.አ. በ1886፣ ዕድሜዋ 14 ገደማ ሳለ፣ ወደ ዓረብ ምድር ሊሸጧት በጀልባ ሲያሻግሯት የጣሊያን መርከቦች ቀይ ባሕር ላይ ያዟቸው። ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች።

እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊመልስ ተቀምጦ ነበር። ኦኔሲሞስ ራሱ በልጅነቱ ተሸጦ ነፃ የወጣ ሰው ነው፤ ቋንቋው ግን ብዙ ዘመን በባዕድ አገር ኖሮ ደክሞበታል። የአስቴር አፍ ገና ትኩስ ነበር። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጣት፤ ትርጉሙ የተቃናው በዚያ መዝገበ ቃላት ነው። ስዊድናዊው የታሪክ ጸሐፊ ጉስታቭ አሬን የልጅቷን የአእምሮ ብሩህነትና ለቋንቋ ያላትን ስሜት አጉልቶ ጽፎላታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ሥራዋ ነው። 500 ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈረች። እስቲ አስቡት! ከእናቷ ጉያ የተነጠቀች ልጅ፣ በምጽዋ ሐሩር ውስጥ ተቀምጣ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር የሰማችውን እያስታወሰች በግእዝ ፊደል ስትጽፍ። የሚገለበጥ መጽሐፍ አልነበረም። አገሯን ቢወስዱባትም አገሯ የነገረቻትን ሊወስዱባት አልቻሉም። ከጻፈችው ብዙው በ1894 ለጀማሪዎች በተዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪስቾና በምትባል ቦታ ታተመ። በ1904 ከነኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ መምህርት ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1964 እስክታርፍም ብዙ ተማሪ አፈራች። ዛሬ ስለዚያ ትርጉም ሲወሳ በሁሉም አፍ የሚገኘው የኦኔሲሞስ ስም ነው። ክብሩ ይገባዋል፤ አንድም ነገር አይቀነስበት። የአስቴር ግን ይጨመር።

ቅድስት ክሪስቾናን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ሦስተኛዋ የሚያሻግረን ድልድይ እሱ ነው። የአስቴር ድካም የታተመበት ያ ቦታ ቀደም ሲል ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተማሩበት ነው። ከንቲባ ገብሩ ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። አንዷ በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ አውቀው፣ የአውሮፓን ሥነ ጽሑፍ ቀስመው ተመለሱ። ጣሊያን ሲወር ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ተይዘው በሰርዴኛ አጠገብ ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። በመጀመሪያ በትምህርት፣ በኋላ በግዞት፣ ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻግረዋል። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ተውኔቶች ይጽፉ ነበር። ግጥምና ተውኔታቸው የተሰበሰበበት «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ወጣ። በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በእንደራሴነታቸውና በአርበኝነታቸው ነበር፤ ደራሲ መሆናቸው ተረስቷል። ታናሽ እህታቸውን እማሆይ ጽጌ ማርያምን ዓለም በፒያኖ ድርሰታቸው ያውቃቸዋል፤ ዛሬ ሙዚቃቸውን ከስልክ አውርዶ መስማት ይቻላል። የታላቅ እህታቸውን መጽሐፍ ግን ሐዋሳ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ድንበሩን ወዲህ የተሻገሩም አሉ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ መሥርተው ስለ እኛ ሲሟገቱ ኖሩ፤ በኋላም አዲስ አበባ ገብተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር»ን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያርፉ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበሩ። ብዕሯን ይዛ ለመጣችልን ሴት ውለታ መመለስ እናውቅበታለን ማለት ነው። ታዲያ ከእኛ ዘንድ የወጡትን ምነው ዘነጋን?

እኔ እንደሚመስለኝ ስሕተቱ ያለው እዚያው የልጅቷ ሠንጠረዥ ላይ ነው። «የልብ ወለዱ ርዕስ» ይላል። ደራሲ ማለት ልብ ወለድ የጻፈ ብቻ ነው ብለን ስንጀምር ሴቶቹን ገና ከበር መለስናቸው። በዚያ ዘመን ለሴት የተከፈቱት መንገዶች ሌሎች ነበሩ፤ ደብዳቤ፣ ትርጉም፣ ተረት መሰብሰብ፣ የትምህርት ቤት ተውኔት። እሌኒ በደብዳቤ፣ አስቴር በትርጉምና በተረት፣ ስንዱ በተማሪዎች መድረክ ጻፉ። ሮማነወርቅ ካሳሁን በሬዲዮ ተናገሩ፣ ተውኔትም ጻፉ። በጎጃም ጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ዘረፉ፣ ቅኔ አስተማሩ። ደግሞም ድንበር ለመሻገር ከደብዳቤና ከትርጉም የፈጠነ ምን አለ? አንዱ ለባዕድ ይጻፋል፤ ሌላው ከባዕድ ይመጣል።

የእሌኒ ደብዳቤ ፖለቲካ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። የነገሥታትን ዜና መዋዕል የጻፉ ወንዶችን ግን በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ በክብር አስቀምጠናቸዋል። ዜና መዋዕል የቤተ መንግሥት ጉዳይ ሆኖ ሥነ ጽሑፍ ከተባለ ደብዳቤውም ይባላል። ሚዛኑ አንድ ይሁን።

ይህ ለሐዋሳ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በከተማችን መሐል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሞያሌን ዘልቆ ኬንያ ይገባል፤ በየሰፈሩ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሐዲይኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ይሰማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦልናል። ተረቱንና ምሳሌውን በልባቸው የያዙት ግን ያረጁ እናቶች ናቸው፤ እነሱ ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል። በየትምህርት ቤቱ ያለ ልጅ ሁሉ ከአያቱ አንድ ተረት በአያቱ ቋንቋ ጽፎ ቢያመጣ አስቴር ለብቻዋ ያሰፈረችውን 500 በአንድ ሴሚስተር እናልፈዋለን። አደራዬ አንድ ብቻ ነው፤ ከጸሐፊው ስም በፊት የተራኪዋ ስም ይጻፍ። «የልቤ መጽሐፍ»ም ዳግም ይታተም፤ የከተማችን ቤተ መጻሕፍትም ይግዛው። የእሌኒ ደብዳቤ በአማርኛና በሐዲይኛ ተዘጋጅቶ የተማሪ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ።

ያን ቀን ማታ ልጅቷ አምስቱንም ቁጥር ሞላች፤ እሌኒ፣ አስቴር፣ ስንዱ፣ ሮማነወርቅ፣ ገላነሽ። በሌላው በኩል ምን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ትንሽ ቆየች። ከዚያ ማስመሪያዋን አነሣች፤ «የልብ ወለዱ ርዕስ» በሚለው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችበት፤ ከላዩም «የሠሩት ሥራ» ብላ ጻፈች። ከእሌኒ ስም ፊት ለፊት «ደብዳቤ» አለች፤ ከአስቴር ፊት «ትርጉምና 500 ተረት»። ቦታው አልበቃት ስላለ እስከ ኅዳጉ ድረስ ሄደች።