ጤፍ ብቻውን የሕፃናትን ደም ማነስ አያድንም

«ጤፍ ብረት ስላለው ለልጁ ገንፎው ይበቃዋል» የሚል ምክር በየቀበሌው ይሰማል። በእኔ አስተያየት ይህ ምክር መታረም አለበት። በአውድማ ላይ በከብት የተወቃ ጤፍ ከያዘው ብረት ከፊሉ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል።

ሕፃን ከማኅፀን ይዞት የተወለደው ብረት በ6 ወር ገደማ ይመናመናል። ከዚያ ወዲህ ከጡት ወተት ጋር ዘፍዝፎ የበቀለ የምስር ወይም የሽምብራ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ጉበት ሊሰጠው ይገባል። ቲማቲም ወይም ፓፓያ ቢጨመር ብረቱ በተሻለ ይወሰዳል፤ ሻይ ግን ያግደዋል።

ደሙ ላነሰ ሕፃን ምግብ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ደም ማነስ በበዛባቸው አካባቢዎች ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት በቀን ከ10 እስከ 12.5 ሚሊግራም ብረት፣ በዓመት ለ3 ተከታታይ ወራት እንዲሰጥ መክሯል። ለታመመው ግን መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው፤ ወባ ባለበት ቀበሌ ይልቁንም ጥንቃቄ ያሻል። ከልክ ያለፈ ብረት ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ስለሆነም የልማት ሠራተኞች መዳፉ የነጣ ሕፃን ሲያዩ ወላጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ ይምሩ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ምስሩንና ሽምብራውን በሙሉ ለገበያ ከማውጣታቸው በፊት ለአባላት ሕፃናት ድርሻ ያስቀሩ።