የቤተሰብ ጤና፦ የቀይ ደም ቁጥር ምን ይነግረናል?

አንዲት እናት ሰውነቷ እየዛለ፥ ዳገት ስትወጣም ልቧ እየመታ ቢያስቸግራት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመረመራለች። የውጤቱን ወረቀት ይዛ ስትመለስ ቤተሰቡ ከብቦ ያነባል። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን ያየ አንዱ «ደምሽ አልቋል!» ብሎ ያስደነግጣታል፤ ሌላው «ቀይ ሥር ብትበዪ ይበቃሻል» ብሎ ያጽናናታል። ሁለቱም በፍቅር ተናገሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ወረቀቱን አንብበው አልጨረሱም።

ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብለው ለመላው አካል የሚያደርሱ ናቸው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተፈጥረው 120 ቀን ያህል ካገለገሉ በኋላ በአዲስ ይተካሉ። በወረቀቱ ላይ «አር ቢ ሲ» የተባለው ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊዮን ቀይ ሕዋሳት እንዳሉ ያመለክታል። ልኩ ለአዋቂ ወንድ ከ4.5 እስከ 5.9፥ ለአዋቂ ሴት ከ4.1 እስከ 5.1 ሚሊዮን ያህል ነው። ላቦራቶሪዎች በመጠኑ ስለሚለያዩ ግን ውጤቱ በዚያው ወረቀት ከተጻፈው ወሰን ጋር ይመዛዘናል። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ከሕዋሳቱ ይልቅ ስለሚበዛ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

በአንድ ምስክር ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ በዚህ ቁጥር ብቻ በሽታ አይታወቅም። ሁለተኛው ምስክር ሄሞግሎቢን ነው፤ ይህም በሕዋሱ ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ብረት ያለበት ቀይ ነገር ሲሆን፥ የደም ማነስ መኖሩ ይልቁንም በእርሱ ይታወቃል። ሦስተኛው «ኤም ሲ ቪ» ይባላል፤ የሕዋሳቱን አማካይ መጠን ይናገራል፥ የአዋቂ ልኩም ከ80 እስከ 100 ፌምቶ ሊትር ነው። ሕዋሳቱ ከልክ ካነሱ ብዙውን ጊዜ የብረት እጥረት፥ ከልክ ከተለቁ ደግሞ የቫይታሚን ቢ 12 ወይም የፎሊክ አሲድ እጥረት ይጠረጠራል። እንግዲህ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች መድኃኒታቸው ሊለያይ ይችላል፤ ለአንዷ የታዘዘውን ኪኒን ሌላዋ ብትውጥ አይረዳትም።

የብረት እጥረት ቢገኝም ጥያቄው አላለቀም፤ ብረቱ ወዴት ሄደ? የወር አበባ መብዛት፥ ደም የሚመጥ የአንጀት ትል፥ የሚደማ የጨጓራ ቁስል ይሆናል። በወንድ ወይም በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ሲታይ ከአንጀት የተሰወረ መድማት እንዳይኖር መመርመር ይገባል። ወባና የኩላሊት በሽታም ደምን ያሳንሳሉ። ምክንያቱ ሳይገኝ ኪኒን ብቻ መዋጥ ጣሪያው ሳይጠገን የገባውን ውሃ እንደ መጥረግ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ሲልም የደም ብርታት ነው ብሎ ደስ መሰኘት አይገባም። የሰውነት ውሃ ማነስ፥ ትምባሆ፥ የሳንባ በሽታ፥ አልፎ አልፎም የመቅኔ ሕመም ያመጣዋል። «ደጋ ስለምኖር ነው» ብሎ መተውም አያዋጣም፤ በ2002 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ የስሜን ሰዎች ዘንድ ያገኘው የሄሞግሎቢን መጠን ከቆላ ሰዎች ብዙም ያልራቀ ነበርና።

በቤት በኩል ምስር፥ ሽምብራና ጎመን ከሎሚ ጋር ቢበሉ ብረቱ ይበልጥ ለሰውነት ይደርሳል፤ ቡናና ሻይ ግን ከማዕድ ጥቂት ቆይተው ቢጠጡ ይሻላል። ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ስለ ሆነ፥ ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ ስለ ጾሟ ሐኪሟንና የንስሐ አባቷን ታማክር።

እናታችን ሆይ፥ ወረቀቱን ከሣጥን አትደብቂው። ሐኪሙን «ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው? ሕዋሳቱ አነሱ ወይስ ተለቁ? ምክንያቱስ ምንድር ነው? መቼስ ተመልሼ ልመርመር?» ብለሽ ጠይቂ። ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፥ ደረትሽን ካመመሽ፥ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ነገን ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ።