ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ታዲያ ለምን አብረው አይሠሩም?

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 21 ሲሆን የምኖረው በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ነው። እኔና አብሮ አደጌ ስድስት ወር ለፍተን ከዋንዛ እንጨት ኤሌክትሪክ ጊታር ሠራን። ሁለቱን ፒክአፕ የጠቀለለው እሱ ነው፤ ስዊቹን ገጥሜ ሽቦውን ያገናኘሁት ደግሞ እኔ። ስዊቹን ወደ ላይ ሳደርገው ድምፁ ልክ ነው፤ ወደ ታች ሳደርገውም ልክ ነው። መሀል ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ግን ድምፁ ቀጥኖ እንደ ትንኝ ይሆናል። እሱ ‹ሽቦውን አበላሽተህብኝ ነው› ይላል። እኔም ተናድጄ ‹ጥቅልህ ነው የማይረባው› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል። አሁን ደግሞ ‹ፒክአፖቼን ነቅለህ መልስልኝ› ብሎ ሰው ልኮብኛል። ከአንድ ወር በኋላ ሠርግ ላይ እንድንጫወት ተጠርተናል። ጥፋተኛው ማነው? ምንስ ላድርግ?»
ግራ የገባኝ፣ ከኢታንግ

ውድ ግራ የገባህ ወንድማችን፤ ደብዳቤህ ደርሶናል። ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት «ፒክአፕ» ሲባል ዕቃ የምትጭነዋ መኪና ለምትመጣባቸው አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንበል። የጊታር ፒክአፕ ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ ጊዜ ተጠቅልሎበታል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ። ወንድማችን፣ አንተም አላጠፋህም፣ ጓደኛህም አላጠፋም። ሁለቱም ፒክአፕ ለየብቻ ደህና ከጮኸ ጥቅሉ ጤነኛ ነው፤ ስዊችህም ሥራውን ሠርቷል። የተፈጠረው ችግር አንዱ ሲገፋ ሌላው መሳቡ ነው። ባሮ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ታንኳ ተቀምጠው አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ቢቀዝፉ ምን ይሆናል? ሁለቱም ጉልበት አላቸው፤ ታንኳዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ሽቦው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መጠቅለሉ፣ የማግኔቱም ጫፍ መገለባበጡ ይህን ያመጣል። ደግሞ አንዱን ብቻ ስትሰማ ምንም አይታወቅም፤ ጉዱ የሚወጣው ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ነው።

መፍትሔው የአንድ ሻይ ዋጋ አያወጣም። ከሁለቱ በአንዱ ፒክአፕ ብቻ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይራቸው። ወደ ስዊቹ ይሄድ የነበረው ወደ ግራውንድ፣ ግራውንድ የነበረው ወደ ስዊቹ ይሂድ። ሌላውን አትንካ፤ ሁለቱንም ከገለበጥክ እዚያው ነህ። ፒክአፑ የብረት ሽፋን ካለውና ሽፋኑ ከአንዱ ሽቦ ጋር ከተያያዘ መጀመሪያ ለያቸው። ሽፋኑን ለብቻው ከግራውንድ ጋር አገናኘው፤ አለዚያ «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያስቸግርሃል።

እግረ መንገዳችንን፣ ሌላ ቦታ እንዲሁ ለሚታገሉ አንባቢዎች፦ መሀል ላይ ድምፁ መቅጠኑ ቀርቶ ጭራሽ ከጠፋ ስዊቹን ጠርጥሩ። አንዳንዱ ባለ ሦስት ቦታ ስዊች መሀሉ ላይ ሁለቱንም ያጠፋል፤ ለጊታር የሚሆነው ግን መሀሉ ላይ ሁለቱንም የሚያገናኘው ነው። እሱ ካልተገኘ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ አንድ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ግጠሙ። ይህ የድሃ መላ ነው ብላችሁ እንዳታፍሩ። የክዊን ባንዱ ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ በሠራው፣ አንገቱ ከአሮጌ የምድጃ እንጨት በወጣ ጊታር ዓለምን ዞሯል። እያንዳንዱ ፒክአፕ የየራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ በዚያ ላይ አንተን ያጣላህን መገለባበጥ ሆን ብሎ የሚያመጣ ሌላ ስዊች አለው!

«መሀሉ ይቅርብኝ፣ በላይና በታች እጫወታለሁ» ብለህም እንዳትተወው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ፌንደር ስትራቶካስተር ሦስት ፒክአፕና ባለ ሦስት ቦታ ስዊች ነበረው። ጊታሪስቶቹ ግን ስዊቹን በሁለት ቦታዎች መሀል እያቆሙ ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ማጫወት ለመዱ። ድምፁ እጅግ ስለተወደደ ፋብሪካው ራሱ በ1977 ባለ አምስት ቦታ ስዊች አደረገው። ሁለቱ ሲስማሙ የሚወጣው ድምፅ አንዱም ብቻውን የለውም።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ጊታሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አይጎዳህም፤ አደጋው ያለው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። የጊታሩ ክሮች ከግራውንድ ጋር ስለሚገናኙ አምፕሊፋየሩ የሚያፈስ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ጣትህ ድረስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስ ሃርቪ የተባለ ጊታሪስት ዌልስ ውስጥ፣ ጊታሩን እንደያዘ ማይክሮፎን ሲነካ መድረክ ላይ ሞቷል። ስለዚህ በጄኔሬተርም ሆነ በመብራት ከመሰካትህ በፊት አምፕሊፋየሩንና ማይክሮፎኑን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይይልህ። በረጠበ መሬት ላይ በባዶ እግር መጫወት የለም! ሠርጉ ወደ ለቅሶ እንዳይለወጥ አደራ።

የቀረው ጓደኛህ ነው። ሽቦውን ብቻህን አስተካክለህ «ይኸው፣ እኔ ሠራሁት» ብለህ እንዳትሄድበት፤ ያኔ ኩርፊያው ይብሳል። ጊታሩን ይዘህ ቤቱ ሂድ። «ጥቅልህ ጤነኛ ነው፣ የተናገርኩት ከአፌ አምልጦኝ ነው» በለው። ሽቦዎቹን እሱ ይያዝ፣ አንተ በይድ። ስዊቹን መሀል አድርጋችሁ ክሩን ስትመቱት ከሁለታችሁም አፍ አንድ ቃል የሚወጣ ይመስለናል።

ሠርጉን ከተወጣችሁት በኋላ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለን። የኪንሻሳዎቹ ኮኖኖ ቁጥር 1 ሊኬምቤ የተባለውን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያቸውን፣ ከመኪና ዕቃ በወጣ ማግኔትና በመዳብ ሽቦ ፒክአፕ ሠርተውለት በዓለም ታውቀውበታል። ሊኬምቤ የአኙዋኮቹን ቶም በጣም ይመስላል። የቶሙ ምላስ ብረት ከሆነ የጓደኛህ ጥቅል ይሰማዋል። ሞክሩትና ጻፉልን።

ቸር ይግጠማችሁ።